የትንሹ ሞተር ዕድሜ በማን እጅ ነው?

ከደቡብ ለንደኗ ኬኒንግተን ተነስቶ፣ ዘ ኦቫል የተባለውን ዝነኛ የክሪኬት ሜዳ ወደ ኋላ ትቶ ወደ ቮክስሆል የሚያቀና ሰው ብዙ ሳይራመድ ዋንድስዎርዝ ሮድ ይደርሳል። በዚህ ጎዳና ላይ አንድ ነዳጅ ማደያ አለ፤ ግድግዳው ላይ የተተከለው የመታሰቢያ ጽሑፍ ስፍራው ቀድሞ የቮክስሆል የብረታ ብረት ፋብሪካ እንደነበረ ይናገራል። አሌክሳንደር ዊልሰን የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1857 ያቋቋመው ይህ ድርጅት ለረጅም ዘመን ፓምፕና የመርከብ ሞተር ሲሠራ ኖሮ በ1903 የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አወጣ።

ያ አውቶሞቢል ባለ አንድ ሲሊንደር ነበር። ጉልበቱ አምስት የፈረስ ጉልበት፣ ወደፊት የሚሄድበት ማርሽ ሁለት ብቻ ሲሆን የኋላ ማርሽ አልነበረውም። አሽከርካሪው የሚመራው በክብ መሪ ሳይሆን የጀልባ መሪ በሚመስል ዘንግ ነበር። ፋብሪካው በ1905 ወደ ሉተን ከተማ ሲዛወር ቮክስሆል የሚለውን ስም ይዞ ሄደ፤ ዛሬም በብሪታንያ የሚሸጡ መኪኖች የሚጠሩበት ስም ነው።

ሲሊንደሩ አንድ ወይም ሁለት፣ ጉልበቱ ትንሽ፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ የቤንዚን መኪና አሁን ከአውራ ጎዳና ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በጎልፍ ሜዳ፣ በሰፋፊ መናፈሻና በመዝናኛ ቦታ ግን ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ይውላል። በቤንዚን የምትሠራው የጎልፍ መኪና የዚህ ቤተሰብ አባል ናት። ለኢትዮጵያ አንባቢ የቅርቡ ምሳሌ ባጃጅ ነው። በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በሐዋሳ ሰው የሚያመላልሰው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪም የሚንቀሳቀሰው 200 ሲሲ ገደማ በሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው። የሱቅ ጄኔሬተርና የመስኖ ውሃ መሳቢያ ፓምፕም ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለ ጎልፍ መኪና እንክብካቤ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለእነዚህም ይሠራል።

እነዚህ ሞተሮች በአብዛኛው የሚሞቱት ከባድ ብልሽት ደርሶባቸው አይደለም። የሚገድላቸው ያልተለወጠ ዘይት፣ የተዘጋ የአየር ማጣሪያ፣ የላላ ቺንጋና የከረመ ቤንዚን ነው። አራቱም ርካሽ ናቸው፤ አራቱንም ባለቤቱ ራሱ ሊያያቸው ይችላል።

ዘይት

የአንድ የቤት መኪና ሞተር አራትና አምስት ሊትር ዘይት ይይዛል። የጎልፍ መኪና ሞተር የሚይዘው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ነው። ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ዘይት ቢጎድል ባለ አምስት ሊትሩ ሞተር ብዙም አይጎዳም፤ አንድ ሊትር የሚይዘው ግን ካለው ዘይት አምስተኛውን አጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው የጎልፍ መኪና ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣለት አንዱ ነገር ይኸው ትንሽ ዘይት ነው።

ስለዚህ የዘይት ምርመራ ከሁሉ ይቀድማል። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቆማለች፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ዘይቱ ወደ ታች እንዲወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ የመለኪያው ዘንግ ይወጣና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ሲወጣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መገኘት አለበት። መለኪያው የሚናገረው መጠኑን ብቻ አይደለም። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ እየሾለከ ዘይቱን እያቀጠነው ስለሆነ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሞተሩ መነሳት የለበትም። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈም ጥሩ አይደለም፤ ከመጠን በላይ የተሞላ ሞተር ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል፤ በማርሚታውም በኩል ጭስ ይተፋል።

አምራቾች ዘይቱ በየ100 ወይም በየ125 የሥራ ሰዓት፣ ያ ባይሞላ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲለወጥ ይመክራሉ። በቀን ሁለት ሰዓት የምትሠራ መኪና 100 ሰዓቱን በ50 ቀን ትሞላለች። ባጃጅ ላይ ቆጠራው በኪሎ ሜትር ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። አሮጌው ዘይት የሚፈሰው ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ነው፤ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ዝቃጩን ይዞ ይወርዳል። የወጣው ዘይት በጄሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስብ አካል ይሰጣል እንጂ ቦይ ውስጥ አይደፋም። ለንደን ውስጥ የአካባቢ አስተዳደሮች ያገለገለ የሞተር ዘይት የሚረከቡበት ጣቢያ አላቸው።

አየርና ካንዴላ

የጎልፍ መኪና የምትውለው በታጨደ ሣር መካከል ነው፤ ባጃጅ ደግሞ በአቧራ ውስጥ። ሣሩም አቧራውም ሞተሩ የሚተነፍስበትን መንገድ ይዘጋሉ። ማጣሪያው ተቀዶ ወይም በደንብ ሳይገጠም ከቀረ ጉዳቱ ይብሳል፤ የገባው አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። የወረቀት ማጣሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ አራግፎ ማየትና ብርሃን የማያሳልፍ ሲሆን መለወጥ ይገባል። በቤንዚን ወይም በውሃ የሚታጠበው የወረቀቱ ዓይነት አይደለም።

ከማጣሪያው ሌላ በሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩት የብረት ክንፎች አሉ። ሙቀት የሚወጣው በእነሱ በኩል ስለሆነ መካከላቸው የተጠቀጠቀ ሣርና ጭቃ ሞተሩን በቀስታ ይቀቅለዋል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በብሩሽና በአየር ማጽዳት በቂ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ግን በኤሌክትሪክ ገመዶችና በካርቡራተር ላይ መረጨት የለበትም።

የሞተሩን ጤንነት በአንድ እይታ የምትናገረው ካንዴላ ናት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተፈትታ የወጣች ካንዴላ ጫፏ ቡናማ፣ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ቤንዚኑና አየሩ ተመጣጥነዋል። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚኑ በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። ዘይት ካረጠባት መካኒኮች ፋሻ የሚሉት የፒስተን ቀለበት ወይም ቫልቩ ማርጀቱን ትጠቁማለች። ነጭ ሆና ከተቃጠለች ሞተሩ ከልክ በላይ እየሞቀ ነው። በሁለቱ ጫፎቿ መካከል ያለው ክፍተት በብዙዎቹ ሞተሮች ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ የሚስተካከለው በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ነው።

ቺንጋና ባትሪ

የቤንዚን ጎልፍ መኪና ከሌላው ተሽከርካሪ የምትለይበት አንድ ጠባይ አላት። በብዙዎቹ ዓይነቶች ቁልፉ ተከፍቶ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ሞተሩ ይነሳል፤ እግር ሲነሳ ይጠፋል። ሞተሩን የሚያስነሳውና ባትሪውን የሚሞላው አንድ መሣሪያ ሲሆን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ነው። አንድ ተሳፋሪ ወርዶ ኳስ መትቶ በተመለሰ ቁጥር ሞተሩ ጠፍቶ ይነሳል። በአንድ ቀን ውስጥ የሚነሳበት ጊዜ የቤት መኪና በሳምንት ከሚነሳው ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ባትሪውና ይህ ቺንጋ ቶሎ የሚያልቁት።

ሲነሳ የሚጮህ፣ በጣት ሲጫኑት ከልክ በላይ የሚረግብ ወይም በውስጥ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ቺንጋ ይጠበቃል ወይም ይለወጣል። ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ሁለተኛው ሰፊ ቺንጋ ደግሞ በሁለት ተንቀሳቃሽ መዘውሮች መካከል ይሠራል። ጎኑ ከተንጸባረቀ፣ ከጠበበ ወይም ክሩ ከወጣ መኪናዋ ዳገት ላይ ትንሸራተታለች። መዘውሮቹ በአየር ይጸዳሉ እንጂ ዘይት ወይም ግሪስ አይቀቡም፤ የተቀባ ቺንጋ አይይዝም።

የ12 ቮልት ባትሪው ራሶች ላይ የሚጋገረው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሶዳና በውሃ ታጥቦ ይወገዳል። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። ገመድ ሲፈታ መጀመሪያ የሚፈታው ኔጋቲቩ፣ ሲታሰር በመጨረሻ የሚታሰረውም እሱ ነው።

ነዳጅ መስጫው ራሱ ማስነሻ በመሆኑ ጥገና ላይ አደጋ አለ። ቁልፉ ሳይነቀል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሳይሆን፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በሽብልቅ ሳይያዙ ማንም እጁን ወደ ቺንጋው መስደድ የለበትም። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳትም ክልክል ነው፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይነቃበት ይገድላል።

የከረመ ቤንዚን

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ በብሪታንያ ማደያዎች፣ በኬኒንግተን አካባቢ ያሉትንም ጨምሮ፣ መደበኛው ቤንዚን ኢ10 ነው፤ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀልበታል። ዘመናዊ መኪና ያለ ችግር ይጠቀምበታል። የብሪታንያ መንግሥት ራሱ ግን ጥንታዊ መኪኖችና አንዳንድ አነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች ላይስማማቸው እንደሚችል አስታውቆ፣ ባለ 97 ኦክቴኑ ሱፐር ቤንዚን እስከ 5 በመቶ ኢታኖል ብቻ እንደያዘ በገበያ እንዲቆይ አድርጓል።

ኢትዮጵያም ይህን መንገድ ታውቀዋለች። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣው ኢታኖል እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ሆኖ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ጀመረ፤ በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ አደገ። ዓላማው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስ ነበር።

ኢታኖል በየቀኑ ለሚሠራ ሞተር ጠላት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ሲከርም ነው። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ሲበዛ ውሃና ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታንከሩ ሥር ይወርዳሉ። ካርቡራተሩ መጀመሪያ የሚጠጣው ያንን ነው። አሮጌ የጎማ ቱቦም በኢታኖል ይለሰልሳል፤ ይሰነጠቃልም። ኢታኖል የሌለበት ቤንዚን እንኳ ለወራት ከተቀመጠ ቀላሉ ክፍል ይተንና የሚያጣብቅ ቡናማ ቅሪት ይተዋል።

ወራት የቆመች የጎልፍ መኪና ካርቡራተር ሲከፈት ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። የቤንዚን መያዣው ግርጌ ላይ ቢጫ ቅርፊት ተጋግሯል፤ ተንሳፋፊው ተጣብቋል፤ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ ቤንዚን የሚያልፍባት፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማትሰፋው ቀዳዳ ተደፍናለች። ችኩል ሰው በሽቦ ይወጋታል፤ ቀዳዳዋም ሰፍታ ሞተሩ ከዚያ ወዲያ ቤንዚን ይበዛበታል። ትክክለኛው መንገድ በካርቡራተር ማጽጃ ነክሮ በአየር መንፋት ነው።

መከላከሉ ከማጽዳቱ ይቀላል። ለክረምት የምትቆም መኪና የነዳጅ መዝጊያዋ ይዘጋል፤ ሞተሩም በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ እስኪጠፋ ይሠራል። የነዳጅ ማጣሪያው በዓመት ይለወጣል። ቤንዚን ለወራት በጄሪካን አይከዘንም።

ፍሬንና ጎማ

በአብዛኛዎቹ የጎልፍ መኪኖች ፍሬን ያለው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ሲሆን የሚጎተተውም በገመድ ነው። ገመዱ ሲላላ ፔዳሉ እየወረደ ይሄዳል፤ ያኔ ሳይዘገይ ይጠበቃል። ጎማዎቹ በብዛት ከ18 እስከ 22 ፒኤስአይ ይነፋሉ፤ የአንዱ ጎን ንፋስ ካነሰ መሪው ወደዚያው ይስባል። የመሪው መገጣጠሚያዎች በየስድስት ወሩ ግሪስ ይፈልጋሉ።

የመኪናዋ ፍጥነት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገደበው ሆን ተብሎ ነው። ገዳቢውን ፈትቶ ፍጥነት የሚጨምር ሰው ሞተሩን ካልተሠራበት ዙር በላይ ያሽከረክረዋል፤ ሁለቱ የኋላ ፍሬኖች ሊያቆሙት የማይችሉትንም ፍጥነት ይሰጠዋል።

ለምን አሁን?

ከኦገስት 2023 ወዲህ መላው ለንደን የልቀት መጠን ደንብ የሚሠራበት ክልል ነው፤ ደረጃውን የማያሟላ መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗን አስታውቃለች። ጊዜው ወደ ኤሌክትሪክ እያዘነበለ ነው። ይህ ማለት ግን አሁን እጅ ላይ ያሉት ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ነገ ይጣላሉ ማለት አይደለም። በባጃጅ የሚተዳደሩ ቤተሰቦችና በፓምፕ የሚያመርቱ ገበሬዎች ለዓመታት ይዘዋቸው ይቆያሉ። ማጣሪያው ታፍኖ፣ ፋሻው አልቆ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ደግሞ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ ጭሱን መንገደኛውም ሕፃኑም ይተነፍሰዋል።

ጥሩ ጥገና በጣም ትንሽ ነገር ይጠይቃል። ከወንበሩ ሥር ወይም ከመሪው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ደብተር፣ ዘይት የተለወጠበት ቀንና የሰዓት ወይም የኪሎ ሜትር ንባብ፣ ካንዴላና ማጣሪያ የተለወጡበት ቀን ከተጻፉበት ለመካኒኩ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል። ያገለገለች መኪና ወይም ባጃጅ የሚገዛ ሰውም መጀመሪያ ይህን ደብተር ይጠይቅ። ከሌለ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የዘይት መለኪያውን ያውጣ፤ ካንዴላውን አስፈትቶ ቀለሙን ይመልከት፤ ቺንጋውን በጣቱ ይዳስስ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይነጋገር።