ኢንተርቪው ምኑን ነው የሚለካው?

ቤት ውስጥ ታላቅ ሰው ሲያናግረን ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሥራ ፍለጋ ስንወጣ ምክሩ ይገለበጣል፦ «ፈታኙን ቀና ብለህ እየው፣ በራስህ እንደምትተማመን አሳይ!» አብዛኞቻችን ትንሽ ተለማምደን እንወጣዋለን። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ሰዎች ግን የሰው ዓይን እያዩ መልስ ማሰብ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ነው።

ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ፣ ዲስሌክሲያ... እንዲህ አእምሯቸው ከብዙኃኑ በተለየ መንገድ የሚሠራ ሰዎችን በአንድ ስም «ኒውሮዳይቨርጀንት» ይሏቸዋል። እኛ አገር ወሬው ሁሌ ስለ ልጆች ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ የኛ እኩዮች ናቸው፣ ሥራ ይፈልጋሉ። ማንም ሳይመረምራቸው «ፈዛዛ»፣ «ቀዥቃዣ» እየተባሉ ዲግሪ የያዙም አሉ።

ኢኮኖሚክስ ስማር ጭንቅላቴ ውስጥ ከቀሩት ነገሮች አንዱ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 የጻፈው ነው። ቀጣሪ ችሎታን በቀጥታ ማየት ስለማይችል ምልክት ይፈልጋል፣ ለምሳሌ ዲግሪ። ኢንተርቪውም ያው ምልክት ነው። ግን የሂሳብ ሠራተኛ እየተፈለገ የሚለካው ንግግር ማሳመር ከሆነ፣ ቁጥር የማያዛባውን ጥሎ አፈ ጮሌውን የቀጠረ ድርጅት የከሰረው ራሱ ነው። የጀርመኑ ኤስኤፒ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች የተለየ የቅጥር ፕሮግራም የጀመረው ለጽድቅ ብቻ አይመስለኝም።

ከተቀጠሩ በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። አለቃ «እስቲ ሲመችህ እያት» ይላል። ሲተረጎም፦ «ዛሬ እስከ 10 ሰዓት አምጣት።» እኛ ሰምና ወርቁን ለምደነዋል። ቃሉን እንዳለ የሚወስድ ሰው ግን እንደተባለው፣ ሲመቸው ያያታል። ከዚያ «ግዴለሽ» ይባላል። ጫጫታው ሲከብደው ኢርፎን ካደረገ «ኩራተኛ»፣ ቡና ላይ ካልተቀመጠ «አኩራፊ»። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ «ለሥራው ብቁ አይደለም» ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። የምሩ ምክንያት ቡናው ቢሆንም ማን ይነግረዋል?

የሚያስፈልገው ነገር ያን ያህል ብር አይፈጅም። ሥራውን በቴሌግራም ጽፎ መላክ፦ ምን፣ ለመቼ፣ በምን መልክ። ከበሩና ከፕሪንተሩ ራቅ ያለ ወንበር። በኢንተርቪው ፋንታ ደግሞ አመልካቹን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ የድርጅቱን ዓይነት ሥራ በኤክሴል ማሠራት።

«ሕግ የለም ወይ?» ካላችሁ፣ አለ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፣ ቀጣሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግም ይጠይቃል። ችግሩ፣ በዚህ ለመጠቀም መጀመሪያ «እንዲህ ነኝ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ደፍሮ ይናገራል? እኔ ብሆን ዝም እላለሁ። ለዚህ ነው ማንም ሳይጠይቅ ለሁሉም ሠራተኛ ቢደረግ የሚሻለው፤ ጽሑፉም፣ የሥራ ፈተናውም። ኤችአር ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከምታወጡት ማስታወቂያ ጀምሩ፦ «ተግባቢ» የምትለዋን መስፈርት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ለሚመዘግብ ሰው የጻፋችሁት ለምንድን ነው?