ደብተርን ከዝናብ፣ ልጅን ከእፍረት



የቆሎ ተማሪን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአገሩ ርቆ፣ ዘመድ በሌለበት ደብር የሚማር ልጅ ነው። ትከሻው ላይ አኮፋዳ አለ። አኮፋዳው የለመነውን ቁራሽ ይይዝለታል። መጽሐፍ ደግሞ የራሱ ማደሪያ አለው። ማኅደር ይባላል። ማኅደር ከቆዳ ይሰፋል፤ ማንገቻ ይደረግለታል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ብራናውን ከዝናብ፣ ከአቧራና ከአይጥ ይጠብቃል። ማደሪያ የሌለው መጽሐፍ ዕድሜ እንደሌለው አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሌላ እንግዳ ተማሪና ስለ ሌላ ማኅደር ነው። ተማሪው የስደተኛ ልጅ ነው። ማኅደሩ የደብተር ቦርሳ ነው። እንዲህ ያለውን ቦርሳ የሚሰፋ ትንሽ የስፌት ቤት አዲስ አበባ፣ ልደታ ላይ ቢቋቋም ምን ምን ያስፈልገዋል? ምሳሌያችን ልደታ ይሁን እንጂ ሥራው በእናንተም ወረዳ ይሠራል።

ስደተኛ ማን ነው?

ስደተኛ ማለት ጦርነት ወይም አሳዳጅ መጥቶበት፣ ነፍሱን ለማዳን ድንበር የተሻገረ ሰው ነው። የአፍሪካ አገሮች ስለዚህ ሰው መብት ውል የተዋዋሉት እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ነው። ዘመኑም 1961 ዓ.ም. ነበር።

ዛሬ በአገራችን አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞች ተጠልለዋል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ብዙ ሺህ ሰው ወደ ጋምቤላ ገባ። ኩሌ የሚባለው መጠለያ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። በ2003 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ሶማሊያን ሲመታ፣ ሰው ወደ ዶሎ አዶ ጎረፈ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ሰው በመተማና በኩርሙክ በኩል ገባ። ከኤርትራ የመጡት ስደተኞች ብዙዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ይኖራሉ።

እኛስ? በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ሱዳን ተጠልለው ነበር። ያን ጊዜ እንግዳ እኛ ነበርን፤ ባለቤት እነሱ። አሁን ተራው ተገላበጠ። "ነገ በእኔ" ማለት ይኸው ነው።

ቦርሳ ምን ያደርጋል?

አንድ ሰው "ልጁ የሚበላው ሳይጠግብ ቦርሳ ምን ያደርግለታል?" ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። እህል ይቀድማል። ነገር ግን እህሉ ለዛሬ ነው፤ ትምህርቱ ለነገ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ጋምቤላን እንውሰድ። እዚያ ትምህርት በመስከረም ሲከፈት ዝናቡ ገና አላባራም። መንገዱ ጭቃ ነው። ልጁ ደብተሩን በፌስታል ይዞ ይወጣል። ፌስታል ደግሞ አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ይቀደዳል። ደብተሩ ይርሳል። የራሰ ወረቀት ይላቀቃል፤ አንዱ ገጽ ከሌላው ይጣበቃል። ደብተሩ የጠፋበት ልጅ የጠፋበት ወረቀት ብቻ አይደለም። የተማረው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ቦርሳ ያነገተን ልጅ ሰው ሲያየው "ተማሪ ነው" ይላል። እናቱም ከቦርሳው ጋር ስታየው ለእንጨት ለቀማ ከመላኳ በፊት ቆም ብላ ታስባለች። ከቤቱ ርቆ፣ ሁሉንም ነገር ጥሎ ለመጣ ልጅ "የእኔ" የሚለው ዕቃ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ለምን ልደታ?

ልደታ በአዲስ አበባ ካሉት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እዚያ ናት። ከአሮጌዎቹ ሠፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ተግባረ ዕድ የሚባለው የታወቀ የሙያ ትምህርት ቤትም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ የተቋቋመ ነው። ከዚያ ጀምሮ ስንቱን ባለሙያ አውጥቷል።

ለስፌት ቤት ግን የልደታ ትልቁ ጥቅም ጎረቤቱ ነው። መርካቶ ቅርብ ነው። ሸራው፣ ክሩ፣ ጥብጣቡ፣ ዘለበቱ፣ መርፌው ሁሉ እዚያ አለ። ዕቃ ባለቀ ጊዜ ሰው በእግሩ ሄዶ ገዝቶ ይመለሳል። ከሩቅ የሚያስጭን ሰው ግን ብዙ ዕቃ አንድ ጊዜ መግዛት አለበት። ለዚያ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንኛውንም የእጅ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት "ዕቃው ከየት ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለመጀመር ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። አንዱ ይቆርጣል፤ ሁለቱ ይሰፋሉ፤ አንዱ ሂሳብ ይይዛል፣ ዕቃ ይገዛል። ሁለት የስፌት መኪና ያስፈልጋል። አንዱ በእግር የሚረገጥ ቢሆን ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። ሸራ ወፍራም ስለሆነ ወፍራም መርፌና የናይሎን ክር ይግዙ። የጥጥ ክር ደጋግሞ ሲርስ ይበሰብሳል። መነሻ ገንዘቡ ከዕቁብ ሊገኝ ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለም?

ከመቀስ በፊት ሜትር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ልብስ ሰፊዎች "አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ" ይላሉ። ለምን እንደሚሉ በቁጥር እንይ።

ቦርሳችን ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30፣ ውፍረቱ 12 ይሁን። ለስፌት በየጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል እንተዋለን። ስለዚህ በሁለቱ ጠርዝ 3 ይጨመራል። ቁራጮቹ እነዚህ ናቸው፦

የፊቱ 43 በ33።
የጀርባው 43 በ33።
ክዳኑ 33 በ33።
ከአንዱ ጎን ወርዶ፣ በሥር ዞሮ፣ በሌላው ጎን የሚወጣው ረጅም ቁራጭ 113 በ15።

የሸራው ወርድ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ፣ ሦስቱን ቁራጮች በአንድ መስመር ደርድሯቸው። 43 እና 43 እና 33 ሲደመር 119 ይሆናል። ረጅሙን ቁራጭ ከበላያቸው አስተኙት። 33 እና 15 ሲደመር 48 ነው። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ሸራ አንድ ቦርሳ ይወጣዋል። ከዳር የሚተርፈው ቁራጭም አይጣልም፤ ኪስ ይሆናል።

ሳይደረድር በዓይኑ ገምቶ የሚቆርጥ ሰው ግን ለአንዱ ቦርሳ 60 ሳንቲ ሜትር ይጨርሳል እንበል። ልዩነቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል። መቶ ቦርሳ ሲሰፋ ግን 10 ሜትር ሸራ ባከነ ማለት ነው። ከ10 ሜትር ደግሞ 20 ቦርሳ ይወጣ ነበር። እንግዲህ 20 ልጆች ያለ ቦርሳ የቀሩት ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። ሜትር ጠፍቶ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ልኩን በካርቶን ቁረጡ። ካርቶኑን ሸራው ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በጠመኔ አስምሩ። መቀሱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

የተማሪ ቦርሳ የት ይቀደዳል?

የተማሪ ቦርሳ መሐሉ ላይ አይቀደድም። የሚቀደደው ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው። ክብደቱ ሁሉ እዚያ ያርፋል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ከውስጥ ሌላ የሸራ ቁራጭ ደርቡ። ማንገቻውን በአራት ማዕዘን ስፉት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ደግሞ መስቀል አድርጉበት።

ዚፕ ያምራል፤ ነገር ግን አቧራና ጭቃ ቶሎ ያበላሸዋል። የተበላሸ ዚፕ መጠለያ ውስጥ ማን ይጠግነዋል? ክዳንና ዘለበት ይሻላል። ክዳኑ ወደ ፊት ተርፎ ስለሚወርድ ዝናቡን ያፈስሳል። በስፌቱ ላይ ሰም አሽታችሁ በለብታ ካውያ እለፉበት። ሰሙ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍናል።

ከዚያ ፈትኑት። በ5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉና ቦርሳው ውስጥ ክተቱት። ክብደቱ 5 ኪሎ ያህል ነው። ቦርሳውን በማንገቻው ሰቅላችሁ አሳድሩት። ጧት ስፌቱ ካልተሳበ ይሂድ። ከተሳበ ተፈትቶ ይሰፋ። "ለስደተኛ ነው፣ ይበቃዋል" የሚል ሰው ካለ ከመኪናው ላይ ይነሣ። ለራስ ልጅ የማይሰጥ ቦርሳ ለሰው ልጅም አይሰጥም።

ሂሳቡን ጻፉት

ብዙ የበጎ ሥራ ቤቶች የሚዘጉት በክፋት አይደለም፤ ሂሳብ ባለመጻፍ ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ዋጋው ለመማሪያ ያህል የተሰጠ ነው። እናንተ የገበያችሁን ዋጋ ተኩበት።

ሸራ 200 ብር።
ጥብጣብና ዘለበት 80 ብር።
ክርና ሰም 20 ብር።
የሰፊዎቹ የጉልበት ዋጋ 100 ብር።
የቤት ኪራይ፣ መብራትና የመኪና ጥገና 40 ብር።
ድምር 440 ብር።

አንድ ረጂ ድርጅት መጥቶ "መቶ ቦርሳ በ400 ብር ስፉልን" ቢል፣ ሂሳብ ያልያዘ ሰው በደስታ እሺ ይላል። 400 ብር በእጁ ሲያይ ብዙ ይመስለዋል። ነገር ግን በያንዳንዱ ቦርሳ 40 ብር ይከስራል። በመቶ ቦርሳ 4,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከየት ይወጣል? ከሰፊዋ ደሞዝ ነው የሚወጣው። ሁለት ወር ሳይከፈላት ሲቀር ትሄዳለች። ቤቱም ይዘጋል። ቦርሳ የሚጠብቁት ልጆችም ጠብቀው ይቀራሉ።

የጉልበትን ዋጋ መጻፍ ነውር አይደለም። ሰፊዋም ልጆች አሏት። ስለዚህ ሁለት ደብተር ይኑራችሁ። አንዱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ነው። ሌላው ስንት ሸራ እንደገባ፣ ስንት ቦርሳ እንደወጣ የሚጻፍበት ነው። ደረሰኝ አይጣል። በየሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም አባል ባለበት ይነበብ። ትናንት የቆጠራችሁት ፊደል፣ የደመራችሁት ቁጥር ለዚህ ቀን ነው።

ማን ይስፋ?

ከስደተኞቹ መሐል መስፋት የሚችል አይጠፋም። ታዲያ ለምን ቦርሳ ተቀባይ ብቻ ይሆናል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1110፣ ስደተኛው በሕጉ መሠረት ተቀጥሮም በእጅ ሥራም በንግድም እንዲሠራ መንገድ ከፍቷል። ልጆቹም እንደ ዜጋ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲማሩ ይደነግጋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤትና የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትን ጠይቁ። ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይነግሯችኋል።

የልደታዋ ሴትና ስደተኛዋ ሴት ጎን ለጎን ቢሰፉ ሁለቱም እንጀራ ያገኛሉ። አንዷ የገበያውን መንገድ ታውቃለች፤ ሌላዋ ልጆቹ ምን እንደሚቸግራቸው ታውቃለች። ከቦርሳውም ለድሃው የአገሬው ልጅ ይድረሰው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሚማሩ ሁለት ልጆች ለአንዱ ብቻ ከተሰጠ ጥል ይነሣል።

ቦርሳው ላይ ምን ይጻፍ?

አንዳንድ ረጂዎች በቦርሳው ላይ በትልቁ "ለስደተኞች የተሰጠ" ብለው መጻፍ ይወዳሉ። ይህ ልክ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የስደተኛው ልጅ ከአገሬው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። ጽሑፉን ባነገተ ቁጥር መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ያነብበዋል። ሕፃናትም ይቀልዱበታል። ልጁ ቦርሳውን ደብቆ በፌስታል መሄድ ይመርጣል። ያ ሁሉ ሸራና ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ከውጭ ምንም አይጻፍ። ከክዳኑ ሥር ግን አንድ ነጭ ጨርቅ ይሰፋ። ልጁ በማይለቅ ቀለም ስሙን ራሱ ይጻፍበት። የኤርትራው ልጅ በፊደላችን፣ የሱዳኑ በዓረብኛ፣ የሶማሌውና የኑዌሩ በላቲን ይጽፈዋል። ሁሉም ትክክል ነው። እናንተ ስማችሁን መጀመሪያ የጻፋችሁበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። ልጁም ያንን ቀን አይረሳውም።

ለውይይት

1. ለ30 ቦርሳ ስንት ሜትር ሸራ ያስፈልጋል? አስሉ።
2. በመንደራችሁ ሦስት ሰው ተባብሮ ሊሠራው የሚችል የእጅ ሥራ የትኛው ነው? ዕቃው ከየት ይመጣል?
3. በምሳሌው ቦርሳ የሰፊዎቹ ዋጋ 120 ብር ቢሆን፣ ጠቅላላው ወጪ ስንት ይሆናል?
4. በወረዳችሁ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ ወይ? ደብተራቸውን በምን ይይዛሉ?