የወገብ መርፌው ውስጥ ያለው ስኳር

ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩና አማስሉ። ቀለም እንዲኖረው የቀዘቀዘ ወፍራም ቡና ጠብ አድርጉበት። ከፋርማሲ የተገዛ ስሪንጅ ካላችሁ መርፌውን ነቅላችሁ በእሱ ትንሽ ሳቡ። ሌላ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ረጋ እስኪል ጠብቁና የስሪንጁን ጫፍ መሐል ድረስ አስገብታችሁ በቀስታ ግፉት።

ጥቁሩ ፈሳሽ ቀጥ ብሎ ይወርድና ግርጌው ላይ ይተኛል። አሁን ደግሞ ስኳር የሌለበትን ቡና በዚያው መንገድ ሞክሩት። መውረዱን ትቶ በያቅጣጫው ይበተንና ውሃውን ሁሉ ያደፈርሰዋል።

በኦፕራሲዮን የምትወልድ ሴት ወገቧ ላይ የምትወጋው ማደንዘዣ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት የሚሰጠው ቡፒቫኬይን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ባለሙያዎቹ «ሄቪ» የሚሉት ዓይነት። የተለመደው አምፑል 4 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ማደንዘዣና 80 ሚሊ ግራም ግሉኮስ አለ። ስኳሩ የመድኃኒቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ነው! ብርጭቆ ውስጥ የበጠበጣችሁት ስኳርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንዲት እናት የምትወስደው 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። «ስኳር ያለባትስ?» የምትሉ ካላችሁ፣ በዚያ ውስጥ ያለው ግሉኮስ የሻይ ማንኪያ ሃያኛ እንኳ አይሞላምና አያሳስብም።

ስኳሩ የገባው ለክብደት ነው። ኅብለ ሰረሰራችንን ከቦ የሚገኘው ፈሳሽ ክብደቱ ከውሃ እምብዛም አይለይም። ግሉኮሱ መድኃኒቱን ከዚያ ፈሳሽ በመቶ ሁለት ያህል ያከብደዋል። ለመስመጥ ይህቺ በቂ ናት።

አንድ የሃይላንድ ላስቲክ ውሃ እስከ አፉ ሙሉና ጥቁሩን ስኳር ከግርጌው አስገቡበት። ክዳኑን አጥብቃችሁ በቀስታ አጋድሙት። ጥቁሩ በሆዱ በኩል ይነጠፋል። አንዱን ጫፍ ከፍ ስታደርጉ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። የማደንዘዣ ባለሙያው አልጋውን ሲያዘነብል፣ ትራስ ሲያስገባና ሲያወጣ የምታዩት ይህንኑ ነው። መርፌው ከወጣ በኋላ መድኃኒቱን የሚነዳው የመሬት ስበት ነው።

ለዚህም ነው እናትየዋ ተቀምጣ ከተወጋች በኋላ ቶሎ የምትተኛው። እንደተቀመጠች ብትቆይ ከባዱ መድኃኒት ወደ መቀመጫዋ ይወርድና የሚደነዝዘው እዚያው አካባቢ ብቻ ይሆናል። እሱ የተቀደደ ለመስፋት ይበቃል፤ ሆድ ለመክፈት ግን አይበቃም።

አሁን ወለል ላይ በጀርባችሁ ተኙና እጃችሁን በወገባችሁ ሥር አሳልፉ። ክፍተት አለ አይደል? የወገብ አጥንት ወደ ላይ የጎበጠ ስለሆነ ነው። ትከሻ ለትከሻ መካከል ያለው ግን ወለሉን ነክቷል። መድኃኒቱ ጉብታው አጠገብ ይወጋል፤ ሴትየዋ ስትተኛ ከፊሉ ወደ መቀመጫ፣ ከፊሉ ወደ ጀርባ ይፈስና የጀርባው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ያ ቦታ ደግሞ ለኦፕራሲዮን መደንዘዝ የሚፈለገው የጡት ጫፍ ደረጃ አቅራቢያ ነው። ጉብታው ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል አይመችም ነበር።

ይህን ያስተዋለው አርተር ባርከር የሚባል የለንደን ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ማደንዘዣው ላይ ግሉኮስ ጨምሮ፣ እንደ አከርካሪ በተጣመመ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ባለቀለም ፈሳሽ እየጨመረ የት እንደሚቆም ይመለከት ነበር። እናንተም ዛሬ በሃይላንድ ላስቲክ የሠራችሁት የእሱን ሙከራ ነው።

ስኳር የሌለበት ቡፒቫኬይንም አለ፤ ከባዱ ሲጠፋም በእሱ ይሠራል። ነገር ግን በሰውነት ሙቀት ከፈሳሹ ትንሽ ስለሚቀል የት ድረስ እንደሚወጣ አስቀድሞ መገመት ይከብዳል። ሁለቱን እኩል ቢያቀርቡልኝ እኔ የምመርጠው የሚታዘዘውን ነው።

ሊዶኬይንስ? ጥርስ ሲነቀል የምናውቀው ማደንዘዣ ነው። ወገብ ላይ ቶሎ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት መቀመጫና ጭን የሚያም ሰው ስለበዛበትም እየተተወ መጣ። ቡፒቫኬይን ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆያል። ፌንታኒል ካለ በጣም ጥቂት ይጨመርበታል፤ ማሕፀን ሲነካ የሚመጣውን ምቾት ማጣት ይቀንሳል። ሞርፊን ጠብታ ቢታከል ሕመሙን እስከ ማግስቱ ያስታግሳል፤ ዋጋው ማሳከክ ነው።

አሁን ወደሚፈራው እንሂድ። «የወገብ መርፌ ሽባ ያደርጋል» የሚለውን ከመንዟ ዘመሮ እስከ አዲስ አበባ ያልሰማ የለም። መርፌው የት እንደሚገባ ለማወቅ፣ ቆማችሁ ሁለት እጃችሁን የዳሌያችሁ አጥንት ጫፍ ላይ አሳርፉ፤ አውራ ጣቶቻችሁን ከኋላ አገናኙ። የተገናኙበት ቦታ አራተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ባለሙያውም ቦታውን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ እየዳበሰ ነው።

የትልቅ ሰው ኅብለ ሰረሰር ግን ከዚያ ከፍ ብሎ፣ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አጠገብ ያልቃል። ከዚያ በታች ያሉት ነርቮች እንደ ፈረስ ጭራ ተበታትነው በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ መርፌ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ገሸሽ ይላሉ። «እህቴ፣ ጎበጥ በይ፤ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ፤ እንዳትንቀሳቀሺ» የሚባለው በአጥንቶቹ መካከል ያለው በር እንዲከፈት ነው። ጣታችሁን አከርካሪያችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ ቀና በሉ፤ ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ ይሰማችኋል።

እኔ ከመርፌው ይልቅ የሚያስፈራኝ የአምፑሉ መደርደሪያ ነው። ደም ለማቆም የሚሰጠው ትራኔክሳሚክ አሲድ በተመሳሳይ አምፑል ሊመጣ ይችላል፤ በስህተት ወገብ ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ይህን አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ባለሙያው ከመሳቡ በፊት ስሙን ጮክ ብሎ ሲያነብ ብትሰሙ ደስ ይበላችሁ።

ደንዝዞ እንደሆነ የሚፈተነው በብርድ ነው። በአልኮል የራሰ ጥጥ ክንዳችሁ ላይ አድርጉ፤ አረቄም ይሆናል። ብርዱንና ሕመሙን የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች ናቸው፤ ስለዚህ ጥጡ ሆድ ላይ ካልቀዘቀዘ አብዛኛውን ጊዜ ምላጩም አያምም። መነካትን የሚያደርሱት ወፋፍራሞቹ ግን ሙሉ በሙሉ ላይደነዝዙ ይችላሉ። «ሲጎትቱኝ ይሰማኛል» የምትል እናት ማደንዘዣው ከሸፈ ማለቷ አይደለም። «ያመኛል» ካለች ግን ወዲያው መሰማት አለባት።

ደም ሥሮችን የሚያጠብቁት ነርቮችም አብረው ይተኛሉ። ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ግፊት ይቀንሳል፤ «ሊያስመልሰኝ ነው» ስትል ባለሙያው ወደ ግፊት መለኪያው ያያል። ማሕፀኑም ትልቁን ደም መላሽ ሥር ስለሚጫነው በቀኝ ዳሌዋ ሥር አንድ ነገር ይደረግና ወደ ግራ ታዘነብላለች። ግፊቱን ለመመለስ ፌኒሌፍሪን ወይም ኤፌድሪን ይሰጣል። ብዙ ደም ላፈሰሰች ሴት ግን ይህ የግፊት መውረድ አደገኛ ነው፤ ያኔ ኬታሚን ተሰጥቷት ብትተኛ ይሻላታል።

ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ የውስጥ ሙቀቷ ወደ ደነዘዙት እግሮች ስለሚሄድ ነው። በመንዝ ብርድ ይብሳል፤ ባናውን ቀድማችሁ አዘጋጁ።

የራስ ምታት ግን እውነተኛ ጣጣ ነው። አውግስት ቢር የሚባለው ጀርመናዊ በ1898 እ.ኤ.አ. ከረዳቱ ጋር ዘዴውን በኮኬይን አንዳቸው በሌላው ላይ ሲሞክሩ ሁለቱንም ራስ ምታት ያዛቸው፤ ቢር ለቀናት ተኝቷል። መርፌው የበሳው ቀዳዳ ፈሳሹን ሲያፈስ የሚመጣ ነው። ምልክቱ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል መሆኑ ነው። ቀጭንና ጫፉ እንደ እርሳስ የሆነ መርፌ አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል።

ከመሐል ሜዳ ወይም ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወጥታ ወደ ዘመሮ የምትመለስ አራስ እንዲህ ያለ ራስ ምታት ከጀመራት መኪና ከመሳፈሯ በፊት ትናገር። ማስታገሻና ፈሳሽ መጠጣት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። እምቢ ካለ፣ ከራሷ ክንድ ደም ተቀድቶ ቀዳዳው አጠገብ ይወጋል፤ ደሙ ይረጋና ይደፍነዋል።