የኮሶዬ ዳገትና የሞተር ዘይት፦ «ሲንቴቲክ» የሚለው ቃል ምን ይነግረናል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያቀና ተሽከርካሪ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ኮሶዬ ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከሚበልጠው የጎንደር ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ ተርቦ ለተገጠመለት ሞተር የትኛው ዘይት ይሻላል? ውዱ ሲንቴቲክ ወይስ የተለመደው ማዕድናዊ ዘይት? የተርቦው መበላት መኪናውን ብቻ ሳይሆን በመኪናው የሚተዳደረውን ቤተሰብ ገቢም ስለሚያቆም ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከፊዚክስ አንጻር እንመለከታለን።

ከፍታው በተርቦው ላይ የሚያመጣው ጫና

ተርቦ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ተሽከርካሪ ጎማዎች አሉት። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያዞረዋል፤ ሁለተኛው አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት ኮሶዬ ላይ ወደ 72 ገደማ ይወርዳል። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር 180 ኪሎፓስካል እንዲሆን ቢፈለግ፣ በባሕር ጠለል ግፊቱን 1.8 ጊዜ ያህል ማሳደግ ሲበቃ ኮሶዬ ላይ ግን 2.5 ጊዜ ማሳደግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘንጉ ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100,000 ዙር ሊያልፍ ይችላል። ይህን ዘንግ ከኩሽኔታው የሚለየው በማይክሮሜትር የሚለካ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው።

ሁለቱ ዘይቶች በምን ይለያያሉ?

ማዕድናዊ ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ ስለሚጣራ መጠናቸውና ቅርጻቸው የተለያየ ሞለኪውሎች ይገኙበታል። በኬሚካዊ ሂደት የሚሠራው ሲንቴቲክ ግን ተመሳሳይ ሞለኪውሎች ይበዙበታል። ስለሆነም ሲሞቅ የሚተነው ያንሳል፤ ከኦክሲጅን ጋርም ቶሎ አይዋሐድም። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የውሕደቱ ፍጥነት በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ በጋለ ተርቦ ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

በብርድ ግን ልዩነቱ ይጠባል። 15ደብሊው-40 የተባለ ዘይት ከዜሮ በታች በ25 ዲግሪ፣ 5ደብሊው-40 ደግሞ ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ በፓምፕ ሊገፋ የሚችል መሆን አለበት። የኮሶዬ ጠዋት የቱንም ያህል ቢበርድ ወደነዚህ ቁጥሮች አይቀርብም። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ሁለቱም በአንድ የ«40» ደረጃ ውስጥ ናቸው።

ስያሜውም ቢሆን አንድ ወጥ ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የንግድ ማስታወቂያዎችን የሚመረምር አካል፣ በሃይድሮጅን በጥልቀት የተጣራ ማዕድናዊ ዘይትም ሲንቴቲክ መባሉን ተቀብሏል።

ንጽጽር እንዴት ይደረጋል?

«ዘይት ከቀየርኩ ወዲህ የሞተሬ ድምፅ ቀነሰ» የሚለው አባባል ሳይንሳዊ ማስረጃ አይሆንም። ሞተሩ፣ መንገዱ፣ ጭነቱና ርቀቱ ሳይለወጡ ዘይቱ ብቻ መለወጥ አለበት። ከዚያም ካገለገለው ዘይት ናሙና ተወስዶ በስፔክትሮሜትር ይመረመራል። የብረትና የመዳብ መጠን መብዛት የሞተር ክፍሎችና የኩሽኔታ መበላትን ያመለክታል። የሲሊከን መብዛት ግን አብዛኛውን ጊዜ አቧራ መግባቱን ይጠቁማል፤ ለዚህም መፍትሔው የአየር ፊልትሮውን መመርመር እንጂ ውድ ዘይት መግዛት አይደለም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ዳገቱን ጨርሶ ኮሶዬ ላይ የሚቆም ሹፌር ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ የዘይት ፓምፑም አብሮ ይቆማል። በጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ይከስላል፤ ከሰሉም ቀስ በቀስ የዘይቱን መተላለፊያ ያጠባል። ሲንቴቲክ ይህን ጉዳት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከማጥፋት በፊት ሞተሩን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ያለ ጭነት በዝግታ ማሠራት ግን ተርቦውን ያበርደዋል፤ ይህም ምንም ያህል ወጪ አያስከትልም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የመኪናው መመሪያ ያዘዘውን የዘይት ደረጃ መያዝ፣ ቀጥሎ ዘይቱንና ፊልትሮውን በወቅቱ መለወጥ፣ አቅም ከፈቀደ ደግሞ ያንኑ ደረጃ የሚያሟላ ሲንቴቲክ መምረጥ። ሲንቴቲክ ገዝቶ የመለወጫ ጊዜውን ያለ ምርመራ የሚያራዝም ባለንብረት ግን የከፈለበትን ጥቅም መልሶ ያጣዋል።