በሕፃናት ጤና ምርምር የቤተሰቦች ድርሻና የዕውቅና ጥያቄ

የሕፃናት ሕክምና ምርምር ያለ ወላጆች ትብብር የሚታሰብ አይደለም። ናሙና የሚሰጡት፣ የቤተሰቡን የሕመም ታሪክ የሚያስረዱት፣ አንዳንዴም ገንዘብ የሚያሰባስቡት እነርሱ ናቸው። ውጤቱ ሲገኝ የማን ስም ይሰፍራል የሚለው ጥያቄ ግን አሜሪካ ውስጥ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ካናቫን የተሰኘው በዘር የሚተላለፍ በሽታ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። እ.ኤ.አ በ1987 ሁለት ልጆቻቸው የተጠቁባቸው አንድ አባት ተመራማሪ አፈላልገው ሥራውን አስጀመሩ፤ ሌሎች ቤተሰቦችም ናሙና ሰጡ። የበሽታው ዘረመል በ1993 ተለየ። ማያሚ የሕፃናት ሆስፒታል በ1997 ፓተንት አግኝቶ ከምርመራው ክፍያ መጠየቅ ሲጀምር፣ ቤተሰቦቹ ይህ አስቀድሞ እንዳልተነገራቸው በመግለጽ በ2000 ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱ በ2003 በሰጡት ናሙና ላይ የባለቤትነት መብት እንደሌላቸው ገልጾ አብዛኛውን ክስ ውድቅ ቢያደርግም፣ ሆስፒታሉ ያለአግባብ በልጽጓል የሚለው ነጥብ እንዲቀጥል ፈቅዷል። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተቋጭቷል።

ፒ.ኤክስ.ኢ በተባለው ቆዳንና ዓይንን በሚጎዳ በሽታ ሁለት ልጆቻቸው የተያዙባቸው ሻሮን ቴሪ በበኩላቸው በ1995 ድርጅት አቋቁመው ናሙናዎቹን በድርጅቱ እጅ አቆዩ። በ2004 በተሰጠው ፓተንትም ስማቸው ከተመራማሪዎቹ ጋር በፈጠራ ባለቤትነት ሰፍሯል። ልዩነቱን የፈጠረው ቀድሞ የተፈረመ ውል መሆኑን ልብ ይሏል።

የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ መመሪያ እንደሚያመለክተው፣ ጸሐፊ ለመባል በሥራው ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ በጽሑፉ ዝግጅት መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ተጠያቂነትን መቀበል ያስፈልጋል። ናሙና መስጠት ብቻውን ለዚህ አያበቃም፤ የምስጋና ክፍል ግን ክፍት ነው። የወላጅ ስም መጠቀስ የልጁን ማንነትና ሕመም ሊገልጥ ስለሚችል፣ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።