የአያት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም

መንዝ ውስጥ ትውልድ መቁጠር የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ርስት ልካፈል ያለ ሰው በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር እንኳ በአፈ ታሪክ ስማቸውን ያገኙት ከሦስት አቅኚዎች ነው። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የቆጠራው ዋና ጉዳይ አብሮ ቀረ። የተረፈው ጋብቻ ነው፤ በሰባት ቤት ውስጥ የሚዛመዱ አይጋቡምና። ዛሬ በመንዟ ዘመሮ ለተማሪዎቼ «ትውልዳችሁን ቁጠሩ» ስላቸው አብዛኞቹ አያታቸው ጋ ይቆማሉ። ቅድመ አያቱን የጠራ ይጨበጨብለታል፤ ምንጅላቱን የጠራ እስካሁን አንድ ልጅ ብቻ ነው።

በኢንተርኔት ላይ ያሉትን የትውልድ መመዝገቢያዎች የወደድኳቸው ለዚህ ነው። ብዙ መምህራን «ለፈረንጅ የተሠራ ነው» ብለው ይተዉአቸዋል። ልክ አይደሉም። ፋሚሊሰርች ለምሳሌ በነጻ ነው። የሚያስተዳድሩት ሞርሞን የሚባሉት ክርስቲያኖች ናቸው፤ በጋናና በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ሽማግሌዎችን እያነጋገሩ በቃል የተያዘውን ትውልድ ይመዘግባሉ። ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ ተማሪ ሊጠቀምበት ይችላል። አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ሲሞላ ባዶው ቦታ ፊቱ ላይ ተደቅኖ ይታየዋል፤ ያ ባዶ ቦታ ከእኔ ንግግር ይልቅ ወደ አያቱ ቤት ያስሮጠዋል።

ችግሩ የሚጀምረው «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ ደስታ የሚባል ሰው አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፦ አበበ። ከበደ አባቱ ነው፣ ደስታ አያቱ ነው። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ቅጹ ፊት ሲቀርብ ግን ሁሉም ይረሳዋል። ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ የቤተሰባችንን ሐረግ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ሠርቶ ላከልኝ። የወንድ አያታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ለሁላችንም ለጥፎታል። ሴት አያታችንም የባላቸውን ስም ተሸክመው ቁጭ ብለዋል! የራሳቸው አባት ስም የትም የለም። መንዝ ላይ ርስት በእናት በኩልም ይቆጠር እንደነበር አስቡና ይህ ምን ማለት እንደሆነ ፍረዱ። በአንድ ቅጽ ምክንያት ግማሹ ወገናችን ጠፋ።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የማስተምረው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቦታ የሰውየውን ስም፣ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባቱን ስም ጻፉ። አያት ራሱን ችሎ እንደ አንድ ሰው ይመዝገብ። ሚስት የራሷን አባት ስም ትያዝ። ኮምፒውተሩ «አባትና ልጅ የቤተሰብ ስማቸው ተለያየ» ብሎ ቢያስጠነቅቃችሁ አትደንግጡ፤ የተሳሳተው እሱ ነው። በላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈ ስም ነገ እንዴት እንደሚነበብ አይታወቅም፤ ኃይሉን እንኳ ሰው በየመልኩ ይጽፈዋል። ማስታወሻው ላይ በፊደላችን ድገሙት።

ከሁሉ የሚረሳው ግን የክርስትና ስም ነው። አንዲት ዘመዳችን እማሆይ ዘንድ ሄጄ የእናታቸውን ስም ስጠይቅ፣ የሱፍ ባናቸውን ሰብሰብ አድርገው «የትኛውን ነው ልጄ? ቤት የምትጠራበትን ነው ወይስ ቄሱ የሚያውቀውን?» አሉኝ። በ25 ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ትምህርት አልተማርኩም። በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው፣ በብራና መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የሚጻፈው ቄሱ የሚያውቀው ስም ነው።

ኅዳግ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይዟል። ከእነዚህ ብዙዎቹን የተመዘገበ ሰው በነጻ በኢንተርኔት ያያቸዋል። በካታሎግ ሥራቸው ዓለም የሚያውቃቸው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሠርት ዓመታት ሠርተውበታል። ብዙ ሰው መዝሙረ ዳዊቱን አይቶ ይዘጋዋል። ባዶ ገጾቹንና ኅዳጉን ተመልከቱ፦ መጽሐፉን ያጻፈው፣ የሰጠው፣ መሬት የሸጠውና የገዛው፣ ምስክር የቆመው በስም በስሙ አለ። ግን «ወለተ ማርያም» ተብላ የተጻፈችው ቅድመ አያታችሁ መሆኗን የሚነግራችሁ ካታሎግ የለም፤ የክርስትና ስሟን ከቤት ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ።

ፍለጋችሁ ስለ ታወቁ ሰዎች ከሆነ ደግሞ የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» ጥሩ መነሻ ነው።

የልደት መዝገብ ፈልገን አጣን የሚሉም አሉ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የአያታችሁን እዚያ አትፈልጉ። ልደታቸውን ስትጠይቋቸው «ጣልያን አዲስ አበባ በገባ ዓመት ክረምት» ካሏችሁ ቃላቸውን እንዳለ ጻፉ፤ 1928 ዓ.ም. ነው። በፈረንጁ 1936 ይሆናል እንጂ 1935 አይደለም። ሰባት ወይስ ስምንት እንደሚደመር ሳታዩ ቁጥር አታስገቡ።

ለመጪው በዓል አገር ቤት ስትገቡ የስልካችሁን ባትሪ ሞልታችሁ ሂዱ። ድምፃቸውን ቅዱ፣ የእናታቸውን ወገን ከአባታቸው እኩል ጠይቁ፣ የክርስትና ስማቸውንም ሳትይዙ እንዳትመለሱ።