ባሕር ማዶ ያለ ከሳሽ

አንድ የዘጌ ቡና አምራች፣ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዱ በውርስ ቤት ከሰሰው እንበል። ለጠበቃ ከፍሎ፣ ባሕር ዳር በጀልባ ተመላልሶ ቢረታ እንኳ ወጪና ኪሳራውን ከማን ይቀበላል? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 200 ይህን አስቦበታል፦ ከሳሹ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖር ከሆነና ከሚከራከርበት ንብረት ሌላ እዚህ በቂ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሌለው፣ ፍርድ ቤቱ ለተከሳሹ ወጪ ዋስትና እንዲሰጥ ሊያዘው ይችላል። የሚከራከርበት ቤት አይቆጠርም፤ ገና የማን እንደሆነ አልታወቀምና።

ይህ የስደተኛውን የፍትሕ በር ይዘጋል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሕጉም «ይችላል» ማለቱ ዳኛው አቅምን እንዲመዝን ነው። አገር ውስጥ ያለ ድሃ ግን በድህነቱ ብቻ በዚህ አንቀጽ ዋስ አይጠየቅም፤ መለኪያው ኪስ ሳይሆን የፍርድ አፈጻጸም እጅ የማይደርስበት ርቀት ነው።

ሌላው ሙግት መድን ነው፤ ተከሳሹ መድን ካለው ዋስትና ለምን ያስፈልገዋል ይባላል። አልስማማም። መድን ተከሳሹ ዓረቦን ከፍሎ የገዛው መከታ ነው፤ የከሳሹን ዕዳ አይሰርዝም። የጠበቃ ወጪ መሸፈኑም በውሉ ቃል ይወሰናል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የተሽከርካሪ አደጋን እንጂ የውርስ ክርክርን አያውቅም። የዘጌው ሰው የሚተማመነው እንግዲህ በዳኛው ትእዛዝ ነው።